ሰሚ ያለው ንባብ

(በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ኮሚናል ቤት ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንዲሁም ወንበር አልበቃ ብሏችሁ ከበሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ የተቀመጣችሁ ልጆቼ፤ የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን። ይህን ጭቃ አቋርጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከኮዬ ፈጬ ድረስ በእግር መጥታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ አመሰግናችኋለሁ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀምሯል። ቢጠፋም አትነሡ፤ እኔ የምናገረው ከወረቀት አይደለም፣ እናንተም የምትሰሙት በዐይናችሁ አይደለም።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ስለሚገኝ መንፈሳዊ ዕድገት ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ በውስጡ ጠፍቼ እንዳላጠፋችሁ አንድ ነገር ብቻ መርጬ መጥቻለሁ፤ እርሱም ንባብ ሰሚ ይፈልጋል የሚል ነው። ይህንንም በሦስት ነጥብ እከፍለዋለሁ፦ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ፣ በሰው ፊት ማንበብ፣ ጥቂት ማንበብ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሰዓቱ ካለቀብኝ፣ ጥቂት ስለማንበብ ጥቂት ብናገር ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

አስቀድማችሁ ግን የሚያናግራችሁ ማን እንደሆነ ብታውቁ ይሻላል። እኔ 31 ዓመት ያስተማርሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። መጽሐፍ ቅዱስን ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ሦስት ጊዜ ጨርሻለሁ። ሠንጠረዥ ነበረኝ፤ በየቀኑ ያነበብሁትን ምዕራፍ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደርግበት ነበር። ማቱሳላ 969 ዓመት እንደኖረ፣ መዝሙር 118 ቁጥሩ 176 እንደሆነና በዕብራይስጡ 22 ፊደላት ስምንት ስምንት እየሆነ እንደተደረደረ፣ ሰሎሞን 3000 ምሳሌ እንደተናገረ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝም እመልስ ነበር። በጥያቄና መልስ ውድድር አንደኛ ወጥቼ የግድግዳ ሰዓት ተሸልሜአለሁ። ሰዓቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ያን ሰዓት በተሸለምሁበት ዕለት ግን ታናሽ ወንድሜን ካነጋገርሁት አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ልጠይቃችሁ፤ ያ ሰው ያደገ ይመስላችኋል? አይ፣ አታፍሩኝ፤ መልሱልኝ። አላደገም። ዕውቀቱ እንደ ጎተራ ሞልቶ ነበር፤ ከጎተራው ወጥቶ የተዘራ አንድ እፍኝ እህል ግን አልነበረም። ይህን የምለው ዕውቀትን ለማቃለል አይደለም፤ ዛሬም 176ቱን ቁጥር እወደዋለሁ። የምላችሁ ያ ሁሉ ንባብ በእኔና በሠንጠረዡ መካከል ብቻ የሚካሄድ ስለነበር፣ “ቆይ፣ ምን አልህ?” የሚለኝ አልነበረም ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስለ እኛ ስለሚናገር በኩራት የምንጠቅሰው ክፍል ነው። ጃንደረባው በኢየሩሳሌም ሰግዶ ሲመለስ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ ላይ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ከዚያስ? “ፊልጶስም ሮጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ ሰማና፦ በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን? አለው።” እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ምን አደረገ ይላል? ሰማ። አየ አይልም፤ ሰማ ይላል። ጃንደረባው እንደ እኔ ከንፈሩን ገጥሞ በዐይኑ ብቻ ገጹን ቢያስስ ኖሮ ፊልጶስ በምን ጥያቄ ይጀምር ነበር? ሠረገላው በሚሄድበት፣ መንኰራኩሩ በሚንኳኳበት መንገድ ላይ ሯጭ ሰው የሚሰማው ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚያነበው። ጥያቄውን የጠራው ድምፁ ነው።

ነህምያ ምዕራፍ 8ንም ተመልከቱ። ዕዝራ ከእንጨት በተሠራ መረባርብ ላይ ቆሞ፣ ከማለዳ እስከ ቀትር በወንዶችና በሴቶች፣ ሊያስተውሉም በሚችሉ ሁሉ ፊት አነበበ። ሕዝቡም ሰምቶ አለቀሰ። መዝሙረ ዳዊትም ገና በመክፈቻው ብፁዕ የሚለው ሰው የእግዚአብሔርን ሕግ በቀንና በሌሊት ያስባል ይላል። “ያስባል” ተብሎ በተተረጐመው ቦታ ዕብራይስጡ የሚጠቀምበት ቃል “ሃጋ” ነው። ይኸው ቃል ኢሳይያስ አንበሳ ባደነው ላይ ሲያጉረመርም፣ ርግብም ስታልጎመጉም የሚጠቀምበት ቃል ነው። እንግዲህ መዝሙረኛው የሚያወራው ጭንቅላቱን ይዞ ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ሰው ሳይሆን አፉ ስለሚያልጎመጉም ሰው ነው። እናቶቻችን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥተው ዳዊት ሲደግሙ ከጓዳ የሚሰማው ያ ድምፅ፣ እርሱ ነው “ሃጋ”። እኛ ፊደል የቆጠርነው ግን “እማዬ፣ ቀስ በይ፤ ልጆቹ ተኝተዋል” እንላለን።

የአብነት ትምህርት ቤትን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ። ከፊደልና ከአቡጊዳ በኋላ ልጅ የሚገባው ወደ መልእክተ ዮሐንስ ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከየኔታ ዘንድ በዋርካ ሥር ተቀምጠን የተማርነው እንደዚሁ ነበር። መጽሐፉ አንድ ነበር። እኔ ታላቅ ስለሆንሁ በፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ፤ ወንድሜ ከማዶ ተቀምጦ በስንደዶ እየተከተለ አብሮኝ ይጮኻል። በዚህም ምክንያት ወንድሜ እስከ ዛሬ ጽሑፍ ቢገለበጥም ያነባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

የኔታ ቁጥሩንም፣ ውርዱንም፣ ቁም ንባቡንም በጆሯቸው ነበር የሚያርሙት። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጭራቸውን ዝንብ ላይ እየወዘወዙ ይሰማሉ፤ አንድ ፊደል የተነሣው ከወደቀ ወይም የወደቀው ከተነሣ “ኧኸ” ይላሉ። ያቺ “ኧኸ” ከዱላ ትበልጥ ነበር። ኋላ ከተማ ገብቼ ዘመናዊ ትምህርት ስማር “በልባችሁ አንብቡ” ተባልሁ፤ በልቤ ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ “ኧኸ” የሚለኝ አጣሁ።

ሁለተኛው ነጥቤ በሰው ፊት ማንበብ ነው፤ በዚህ ላይ ዘለግ አድርጌ እቆያለሁ።

አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት እንደተወለደ ታውቃላችሁ? በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ አረጋዊ በካይሮ ይኖር ነበር። በዚያም አሰለን ደ ሸርቪል ከተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ጋር ተገናኘ። ሁለቱ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ በር ዘግተው፣ ለሌላ እንግዳ ሁሉ “የሉም” እያስባሉ፣ ቅዱሱን መጽሐፍ ከዐረብኛው ቁጥር በቁጥር፣ ቀስ ብለው አብረው ያነቡ ነበር፤ አቡ ሩሚም ወደ አማርኛ ይመልሰው ነበር። ይህን ስንት ጊዜ አደረጉት? ዐሥር ዓመት! ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ። ከዚያ ሥራ ወንጌላቱ በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታተሙ። በእጃችን የያዝነው አማርኛ ከዚያ ወዲህ ብዙ እጅ ዳስሶታል፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመውን አብዛኞቻችን ቤታችን አለን። ጅማሬው ግን በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይመልሳል።

የሊቃውንቶቻችን የትርጓሜ ጉባኤም እንዲሁ ነው። አንዱ ደቀ መዝሙር ገጹን ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማል፣ የቀሩት ይሰማሉ። “አንድም” ይላሉ፣ ደግሞ “አንድም” ይላሉ። አንድ ቃል በአንድ ፍች እንዳይዘጋ በሩን ክፍት ያደርጉታል። ያንን ጉባኤ ለብቻችሁ በጓዳችሁ ልታቆሙት ትችላላችሁን?

አሁን ስለ ራሴ የተናገርሁትን ልጨርስላችሁ።

የአባታችን ይዞታ ከአቃቂ ወዲያ ነበር። መሬቱ ለልማት ተፈልጎ ካሳ ሲከፈል፣ እኔ የተማርሁት ስለሆንሁ ውክልናውን ወስጄ ከቢሮ ቢሮ የተመላለስሁት እኔ ነበርሁ። ያወጣሁትን ወጪ ሁሉ በደብተር እጽፍ ነበር፦ ፎቶ ኮፒ፣ ቴምብር፣ ሚኒባስ፣ ምሳ። ገንዘቡ ሲከፈል ወጪዬን አስቀድሜ ቀንሼ የቀረውን ከወንድሜ ጋር ተካፈልን። ወንድሜ “እስቲ ደብተሩን ልየው” አለኝ። እኔም ተቆጣሁ። “በእኔ አትተማመንም ማለት ነው?” ብዬ ደብተሩን ዘግቼ ተነሣሁ። እርሱም ቀረ። ለፋሲካም ለገናም አልመጣም። ሰዎች ሲጠይቁኝ “እኔ በእርሱ ላይ ምንም የለኝም፤ የተቀየመው እርሱ ነው” እል ነበር። እውነቴንም ነበር፤ ምንም አልነበረኝም!

በዚያው ሰሞን እናቴ ዐይኗን ሞራ ስለጋረደው እዚህ እኔ ዘንድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ መኖር ጀመረች። ዳዊቷን ማንበብ ስለተሳናት “አንብብልኝ” ትለኛለች። እኔም ሠንጠረዤን እንዳላስተጓጕል ብዬ የራሴን የዕለት ክፍል ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላት ጀመር። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ መሆኑ ነው። አንድ ማታ ማቴዎስ 5 ላይ ደረስን። እንዲህ ይላል፦ “እንግዲህ መባህን በመሠዊያው ላይ ብታቀርብ፥ በዚያም ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ፥ በዚያ በመሠዊያው ፊት መባህን ትተህ ሂድ፥ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ።” አንብቤ ልቀጥል ስል እናቴ እጇን አነሣች።

“መለስ በል እስቲ። ቅያሜው ያለው ማን ዘንድ ነው?”

“ወንድሙ ዘንድ” አልኋት።

“ሂያጁስ?”

“መባውን የያዘው” አልኋት።

ዝም አለች። ከዚያ “ውኃ አምጣልኝ” አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ያንን ቁጥር ሦስት ጊዜ ምልክት አድርጌበት አልፌ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ያነበብሁት ግን “አንተ በወንድምህ ላይ አንዳች ቢኖርህ” ብዬ ነው። መጽሐፉ እንዲያ አይልም። ጌታ የሚጠይቀኝ የራሴን ልብ ብቻ አይደለም፤ የወንድሜንም ልብ ነው። ለአራት ዓመት የተጠለልሁባት “እኔ ምንም የለኝም” የምትለው ጎጆ በአንድ “መለስ በል” ፈረሰች። ያፈረሳት ሊቅ እንዳይመስላችሁ፤ ፊደል መለየት ያቃታት አሮጊት ናት።

ሄድሁ። ደብተሩን ይዤ ሄድሁ። በመጀመሪያው ቀን ቤቱ አላገኘሁትም። በሁለተኛው አገኘሁት፣ “ከብት ላጠጣ ነው” ብሎ ቆሞ ሸኘኝ። በሦስተኛው የወንድሜ ሚስት ቡና አቀረበችና ተቀመጥን። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። እንዲያው ደብተሩን ከፍቼ ድምፅ አውጥቼ አነብለት ጀመር። “መስከረም 9፣ ሚኒባስ። መስከረም 9፣ ቴምብር…” ሲጻፍ ምንም ያልመሰለኝ ነገር፣ በዚያ ቤት ጆሮዬ ሲሰማው ያሳፍረኝ ጀመር። ወንድሜ ከረከቦቱ ማዶ ተቀምጦ፣ እንደ ልጅነታችን፣ ደብተሩን ተገልብጦ በጣቱ ይከተለኛል። አንድ መስመር ላይ ጣቱ ቆመ።

“ይቺ የኅዳር 14 ምሳ” አለ። “ወንድም ጋሼ፣ ያን ቀን እኮ ምሳ የበላነው እዚሁ ነው። ሽሮ ነበር።”

ምን ልበለው? እውነቱን ነበር። በቤቱ የበላሁትን ሽሮ በእርሱው ካሳ ላይ ሒሳብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። የወንድሜ ሚስት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ጀበናውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድሜ ግን አልሳቀም፤ ዕርቁም በዚያ ቀን አላለቀም። ያላግባብ የቀነስሁትን በሦስት ጊዜ መለስሁለት። ለገና መጣና እናቴ እግር ሥር ተቀመጠ፤ እናቴ ፊቱን በእጇ ዳስሳ “ከሳህ” አለችው። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረችኝም።

መልእክተ ዮሐንስን በዋርካው ሥር አብረን ስንጮኽ ያን ጊዜ ግእዙ አልገባንም ነበር። “ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንዴት ይችላል?” የሚለው እዚያው ውስጥ ነው፤ ምዕራፍ 4 ላይ። አባቶቻችን ለሕፃን አፍ የመጀመሪያ ንባብ አድርገው ይህንን መምረጣቸውን ሳስብ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ምክንያታቸውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። እኔ ግን በስድስት ዓመቴ በአፌ የገባው በ58 ዓመቴ በጆሮዬ ደረሰኝ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ልጆቼ “በስልካችን ድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፤ ታክሲ ውስጥ እንሰማለን፤ ይህስ?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መልካም ነው፤ እኔም ስልኬ ላይ አለ፤ ከመገናኛ እዚህ እስክንደርስ አንድ መልእክት ያልቃል። ነገር ግን ስልኩ “መለስ በል” አይላችሁም፤ ስትዘሉም “ኧኸ” አይልም። በየማለዳው ጥቅስ ከአበባ ሥዕል ጋር መላላካችንንም አልቃወምም፤ ግን ስንቶቻችን የላክነውን ጥቅስ ከላይና ከታቹ ካለው ጋር አንብበነዋል? እጅ አታውጡ። ከዚህ ጋር ሌላም ጥንቃቄ አለ። አብረን ማንበባችን እንደየስሜታችን መተርጐም እንዳይሆን፣ ያልገባንን በወረቀት እየጻፍን ለካህናት አባቶቻችን እናቅርብ። ጃንደረባውም “የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?” ነው ያለው፤ የንግሥት ባለ ሙሉ ሥልጣን ሆኖ ሳለ እንዲህ ማለት አላሳፈረውም።

ሦስተኛው ነጥብ ጥቂት ማንበብ ነው፤ እንደፈራሁት ሰዓቱ ሄዷል። ከዚያ ማታ በኋላ እናቴ ማቴዎስ 5ን በቀላሉ አላሳለፈችኝም። 48 ቁጥር ያለውን ምዕራፍ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቆየንበት። አንዳንድ ማታ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር። ሠንጠረዤ ተበላሸ፤ ቀዩ እስክሪብቶ ደረቀ። ሐዋርያው ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ ወዲያው እንደ ምን እንደ ነበረ በሚረሳ ሰው ይመስለዋል። እኔ በቀን አራት መስተዋት እያየሁ አራቱንም እረሳ ነበር። አንዱን መስተዋት ይዞ የሚያቆየኝ ሰው ሳገኝ ግን ፊቴ ላይ ያለውን አየሁት። በዓመት መጽሐፉን ለመጨረስ የጀመራችሁ ካላችሁ አትተዉት፤ የመጽሐፉን አገር ዳር እስከ ዳር ማወቅ ይጠቅማል። ከዚያው ጎን ግን አንዲት ትንሽ ክፍል ይኑራችሁ፤ ከአንድ ሰው ጋር፣ በድምፅ፣ ሳትቸኩሉ የምታነቧት።

ይህን ለማድረግ እዚህ ሰፈር ምን ያስቸግረናል? ሥራችን ሩቅ ነው፤ ለታክሲ ሰልፍ በሌሊት እንነሣለን፣ ማታ ደክመን እንገባለን። አውቃለሁ። ነገር ግን በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ፣ በግድግዳ አልፎ የጎረቤታችንን ሳል የምንሰማ ሰዎች ነን። በየብሎኩ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነን በሳምንት አንድ ማታ ግማሽ ሰዓት ብንቀመጥ ይበቃል። በየብሎኩ ዐይናቸው የደከመ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አይጠፉም። ከእነርሱ ጀምሩ፤ ልታስተምሯቸው ሳይሆን ልታነቡላቸው ሂዱ።

ከአዘጋጆቹ ጋር እንደተነጋገርነው እኛም የምንጀምረው በመልእክተ ዮሐንስ አንደኛ ነው። አምስት ምዕራፍ፣ 105 ቁጥር ነው። ለዛሬ ዐሥሩን ብቻ እናነባለን፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል፣ ያልገባው “መለስ በል” ይላል። “መለስ በል” የተባለ አንባቢ አይቀየም፤ ይመለስ።

መብራቱም ጠፋ። አይዟችሁ፣ የስልክ ባትሪ አብሩ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጥሽው ልጄ፣ መጽሐፉ ባንቺ እጅ ነው አይደል? ተነሺ። ምዕራፍ 1፣ ከቁጥር 1። ከኋላ ያሉት እናቶች እንዲሰሙሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።